እግዚአብሔርን በሙሉ ልብ ማምለክና መፍራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምእመናን ስለ አምልኮና ስለ ፈሪሃ እግዚአብሔር ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው፤ ቀለል ካለው ጀምረናል።

እግዚአብሔርን በሙሉ ልብ ማምለክ ሲባል ምን ማለት ነው?

መነሻው ዘዳግም 6፥5 ነው፦ እግዚአብሔርን በፍጹም ልብ፣ በፍጹም ነፍስ፣ በፍጹም ኃይል መውደድ። ጌታችን ከትእዛዛት ሁሉ የሚበልጠው የትኛው እንደሆነ ሲጠየቅ የመለሰው ይህንኑ ነው። ብዙዎቻችን ይህን ስንሰማ ቶሎ የሚመጣልን የስሜት ግለት ነው፤ ዕንባ፣ የልብ መሞቅ፣ የድምፅ መንቀጥቀጥ። መጽሐፍ ቅዱስ የሚመረምረው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ይህ ልብ ለሁለት ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም?

የይሁዳን ንጉሥ አሜስያስን እንይ። 2ኛ ዜና መዋዕል 25 በእግዚአብሔር ፊት ቅን ነገር እንዳደረገ፣ ነገር ግን በፍጹም ልብ እንዳልነበረ ይናገራል። እዚያው ምዕራፍ ላይ ለጦርነት ከእስራኤል 100 ሺህ ወታደር በ100 መክሊት ብር ይቀጥራል። አንድ የእግዚአብሔር ሰው መጥቶ እነዚህን ይዘህ አትውጣ ሲለው የንጉሡ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ብሩ ነበር፦ የከፈልኩት 100 መክሊትስ? በመጨረሻ ታዘዘ፤ ወታደሮቹንም አሰናበተ። ድል ሲቀናው ግን የተሸናፊዎቹን ጣዖታት ተሸክሞ መጥቶ ሰገደላቸው። ሰውየው ለክህደት ብሎ የተነሣ አይደለም። የሚታዘዝ፣ አንድ ዓይኑ ግን ሁልጊዜ ሌላ ቦታ የሚያማትር ሰው ነበር። በሙሉ ልብ ማምለክ የዚህ ተቃራኒ ነው ቢባል ብዙም አያሳስትም።

እግዚአብሔርን መፍራት ማለት ቅጣቱን መፍራት ነው?

እዚያ የሚጀምር ሰው ብዙ ነው፤ እዚያ መቅረት ግን የለበትም። በዘፀአት 20 ሕዝቡ ነጎድጓዱን፣ መብረቁን፣ የቀንደ መለከቱን ድምፅና የሚጤሰውን ተራራ አይቶ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ርቆም ቆመ። ሙሴ «አትፍሩ» አላቸው። ወዲያውኑ ደግሞ እግዚአብሔር የመጣው ኃጢአት እንዳትሠሩ እሱን መፍራት በልባችሁ እንዲኖር ነው ይላቸዋል። በአንድ ቁጥር ውስጥ «አትፍሩ» እና «ፍሩ» አብረው አሉ። አንዱ ፍርሃት ከተራራው የሚያሸሽ ነው፤ ሌላው ከኃጢአት።

መዝሙር 130 (በሰባ ሊቃናት አቆጣጠር 129፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው መዝሙራትም በዚያ አቆጣጠር አንድ ቁጥር ይቀንሳሉ፤ 115 ብቻ 113 ውስጥ ይገኛል) ላይ ደግሞ የማይጠበቅ ነገር አለ። መዝሙረኛው ይቅርታ በአንተ ዘንድ ስላለ አልፈራህም አይልም፤ ይቅር ስለምትል ትፈራለህ ነው የሚለው። ይቅር የተባለ ሰው የሚፈራው ዱላውን አይደለም፣ ያን ይቅርታ ማቃለልን ነው። 1ኛ ዮሐንስ 4፥18 ፍጹም ፍቅር ፍርሃትን አውጥቶ ይጥላል ሲልም የትኛውን ፍርሃት እንደሆነ እዚያው ይናገራል፤ ቅጣት ያለበትን። ስለዚህ ሁለቱ አይጋጩም።

«አባታችን» እያልን እንዴት ነው የምንፈራው?

ጌታ ያስተማረን ጸሎት ራሱ ሁለቱን አብሮ ይዟል፦ «አባታችን ሆይ» ካልን በኋላ ስለ እንጀራም ስለ ይቅርታም ከመጠየቃችን በፊት «ስምህ ይቀደስ» እንላለን። የዕብራውያን መልእክት በምዕራፍ 4 ወደ ጸጋው ዙፋን በእምነት እንቅረብ ይላል፤ በምዕራፍ 12 ደግሞ በማክበርና በፍርሃት እናምልከው፣ አምላካችን የሚያጠፋ እሳት ነውና ይላል። ጸሐፊው አንድ ነው፤ መልእክቱም አንድ።

እኛ ግን ወደ አንዱ ማዘንበል ይቀናናል። አንዳንዱ ከእግዚአብሔር ጋር እንደ እኩያ ጓደኛው ያወራል፤ ሌላው ደግሞ ርቆ ከመቆሙ የተነሣ ችግሩን እንኳ ለመናገር አይደፍርም። ክብር የኃጥእ ሰው መሸማቀቅ ብቻ የሚመስለው ሰው ኢሳይያስ 6ን ቢያነብ መልካም ነው። ሱራፌል 6 ክንፍ አላቸው፤ በሁለቱ ፊታቸውን፣ በሁለቱ እግራቸውን ይሸፍናሉ፣ በሁለቱ ይበራሉ። የሚያፍሩበት ኃጢአት የላቸውም። ፊታቸውን የሸፈኑት በፊታቸው ካለው ክብር የተነሣ ነው።

አምልኮ ማለት መዝሙር ማለት ነው?

አይደለም፤ መዝሙር አንዱ ክፍሉ ነው። አብርሃም ይስሐቅን ይዞ ወደ ተራራው ሲወጣ ለብላቴኖቹ የነገራቸው ሰግደን እንመለሳለን ብሎ ነው። በእጁ የነበረው እሳትና ቢላዋ ነው፤ እንጨቱን የተሸከመው ልጁ ነበር። ዜማ አልነበረም። ቅዱስ ጳውሎስም በሮሜ 12፥1 ሰውነታችሁን ሕያው መሥዋዕት አድርጋችሁ አቅርቡ ሲል የቀኑን ሥራ፣ የሚነገረውን ቃል፣ የሚያዘውን ገንዘብ ሁሉ እዚያ ውስጥ አስገብቶታል።

የትኛው ነው ትክክል፦ መቆም፣ መንበርከክ ወይስ መስገድ?

ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲመርቅ እጆቹን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ተንበርክኮ ነበር። ዳዊት ስለ ቤቱ የተስፋ ቃል ሲቀበል ገብቶ በእግዚአብሔር ፊት ተቀመጠ ይላል። ቀራጩ ርቆ ቆሞ ነበር፤ ጌታችን በጌቴሴማኒ በግንባሩ ወደቀ። በ325 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ ደግሞ በ20ኛው ቀኖናው በእሑድና በበዓለ ኀምሳ ቀናት ሳይንበረከኩ ቆመው እንዲጸልዩ ደንግጓል፤ የትንሣኤው ደስታ ቀናት ናቸውና። ይህ ሁሉ ተደምሮ የሚያሳየው ሰውነትም እንደ ጊዜውና እንደ ልቡ ሁኔታ እንደሚያመልክ ነው። የቤተ ክርስቲያንዎን ሥርዓት ይከተሉ።

«እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው» የሚለው እውነት ግን ለስንፍና መሸፈኛ ሲሆን በተደጋጋሚ ይታያል። የታመመ ሰው ተኝቶ ቢጸልይ ጸሎቱ ምሉዕ ነው። ጤነኛ ሆኖ ዘወትር ከብርድ ልብሱ ሥር፣ ግማሽ ዓይኑ ተከድኖ የሚጸልይ ሰው ግን ሰውነቱ ለልቡ ምን እየነገረው እንደሆነ ቢያስብበት ጥሩ ነው።

ስጸልይ ሐሳቤ ይበተናል። ጸሎቴ ዋጋ አለው?

አለው። «አባታችን ሆይ» ብሎ ጀምሮ «የዕለት እንጀራችንን» ላይ ሲደርስ ሐሳቡ ያልተከፈለ ዕዳ ላይ ያላገኘው ሰው ያለ አይመስለኝም። በጌቴሴማኒ ሦስቱ ደቀ መዛሙርት አንድ ሰዓት እንኳ መትጋት አልቻሉም። ጌታ ወቅሷቸዋል፤ ግን መንፈስ ተዘጋጅታለች ሥጋ ግን ደካማ ነው ብሎም አዝኖላቸዋል።

የሚረዱ ነገሮች አሉ። ከንፈርን ማንቀሳቀስ፣ ለራስ በሚሰማ ድምፅ መጸለይ ሐሳብን ይይዛል። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፤ ድምፁ ጠፍቶ አጠገብ መሆኑ አይበቃም። የመጣው ሐሳብ ዕዳው ከሆነ ዕዳውን ራሱን ጸሎት ያድርጉት፦ ጌታ ሆይ፣ ይህን ነገር አንተ እየው። ከዚያ ወደ ነበሩበት ይመለሱ። ራስን ሳይረግሙ መመለስ ነው ዋናው። አንዳንዶች ሐሳባቸው በሄደ ቁጥር ጸሎቱን ከመጀመሪያው ይደግሙታል፤ ይህን አልመክርም። ወደ ጭንቀት ይወስዳል፣ ጭንቀቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ሐሳብ ይሆናል።

ምንም ሳይሰማኝ ብጸልይ ግብዝነት አይሆንብኝም?

ይህን የሚጠይቁት ብዙ ጊዜ ግድ የለሾች አይደሉም፤ ለዓመታት በጸሎት የጸኑ ናቸው። ድሮ ቃሉን ሲገልጡ ዕንባ ይቀድማቸው ነበር። አሁን ገጹን ይገልጣሉ፣ ያነባሉ፣ ይዘጋሉ። ከዚያ ኢሳይያስ 29፥13 ትዝ ይላቸዋል፤ በከንፈሩ ስለሚያከብር፣ ልቡ ግን ከእግዚአብሔር ስለራቀ ሕዝብ የሚናገረው። «ይህስ እኔ ነኝ» ብለው ይደነግጣሉ።

አይደሉም። ኢሳይያስ የወቀሳቸው ሰዎች የልባቸው መራቅ አላስጨነቃቸውም። እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ ሁለት ቁጥር ወረድ ብሎ፣ ምክራቸውን ከእግዚአብሔር የሚሰውሩ፣ ሥራቸውን በጨለማ እየሠሩ «ማን ያየናል?» የሚሉ ሰዎች ይታያሉ። ጌታችንም ይህንኑ ቃል በማርቆስ 7 የጠቀሰው ለአባትና ለእናት የሚገባውን «ቁርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው፣ እያሉ መጦርን ለሚያመልጡ ነው። ግብዝ የሌለውን ለሰው ያሳያል። ማንም በማያየው ጓዳ ደረቅ ልቡን ይዞ የሚንበረከክ ሰው ለማን ብሎ ያስመስላል? ሌሊት ለሦስተኛ ጊዜ ሕፃኗ ሲያለቅስ የምትነሣ እናት ያን ሰዓት ከእንቅልፍ በቀር ምንም አይሰማት ይሆናል፤ መነሣቷ ግን ፍቅር ነው።

መዝሙር 88ን ያንብቡ። አብዛኞቹ የልቅሶ መዝሙራት ወደ መጨረሻው ወደ ምስጋና ሲመለሱ ይህኛው በጨለማ ይዘጋል። አጀማመሩ ግን እግዚአብሔርን የመድኃኒቴ አምላክ ብሎ በመጥራት ነው። እንዲህ ያለ ጸሎት ከመዝሙራቱ መካከል ሳይወጣ መቅረቱ ለደረቀ ልብ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ ድርቀቱ ከድካም፣ ከሕመም ወይም ከድብርት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ማየት የእምነት ማነስ አይደለም። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞቱን ሲለምን መጀመሪያ የተሰጠው ተግሣጽ አልነበረም። ተኛ፤ መልአኩ ቀሰቀሰው፣ እንጎቻና ውኃ አገኘ፣ በልቶ እንደገና ተኛ።

ጮክ ብሎ ማምለክ ይሻላል ወይስ ዝም ብሎ?

ዳዊት በታቦቱ ፊት በሙሉ ኃይሉ ሲዘል ሜልኮል በመስኮት አይታ በልብዋ ናቀችው። ሐና ደግሞ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ድምፅዋ ሳይሰማ ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መሰለው። አንዱ በጩኸቱ ተናቀ፣ አንዷ በዝምታዋ ተጠረጠረች፤ የሁለቱ ፈራጆች ስሕተት ግን አንድ ነው፤ ከውጭ አይተው የሰው ልብ አወቅን ማለታቸው። ጩኸት ብቻውን ደግሞ ምስክር አይሆንም። በቀርሜሎስ ተራራ ከጠዋት እስከ ቀትር፣ ከቀትርም በኋላ ሲጮኹ የዋሉት የበኣል ነቢያት ነበሩ።

ሥራና የቤት ኃላፊነት በዝቶብኛል። ጊዜ የሌለው ሰው እንዴት በሙሉ ልብ ያመልካል?

ቆላስይስ 3፥23 የምታደርጉትን ሁሉ ለሰው ሳይሆን ለጌታ እንደምታደርጉ በትጋት አድርጉት ይላል። ይህ ቃል በቀጥታ የተነገረው ለማን እንደሆነ አንድ ቁጥር ከፍ ብሎ ማየት ነው፦ ለባሪያዎች። የራሴ የሚሉት አንድ ሰዓት ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው። ሐዋርያው ጊዜ ስታገኙ አምልኩ አላላቸውም፤ በእጃቸው ያለውን ሥራ ራሱን አምልኮ እንዲያደርጉት ነገራቸው። የታመመ ዘመድ የምታስታምም ሴት፣ በፈረቃ የሚሠራ ሰው ከዚህ ብዙ መጽናኛ ያገኛሉ።

ይህ እንዳለ ሆኖ፣ የሚልክያስን ወቀሳም መስማት አለብን። ሕዝቡ ለመሥዋዕት የሚያመጣው ዕውሩን፣ አንካሳውንና የታመመውን እንስሳ ነበር፤ መሥዋዕት አላቋረጠም፣ የሚሰጠው ግን ለሌላ የማይሆነውን ነው። እግዚአብሔርም በምዕራፍ 1፥8 እስቲ ለገዢህ አቅርበው፣ ይቀበልሃል? ይለዋል። የእኛ ዕውር በግ ብዙውን ጊዜ የሌሊቱ የመጨረሻ 5 ደቂቃ ነው፤ ዜናው ታይቶ፣ ፊልሙ አልቆ፣ ዓይን ሲከደን የሚተርፈው። አጭር መሆኑ አይደለም ችግሩ። ከተቻለ 5ቱን ደቂቃ ወደ ጠዋት፣ አእምሮ ንቁ ወደሆነበት ሰዓት ማዛወር ነው።

ሳመልክ ፎቶና ቪዲዮ አንሥቼ ማጋራት ነውር አለው?

ሌሎችን ለማነጽ የተቀረጸ ዝማሬ ወይም ትምህርት ብዙ ጠቅሟል፤ ነውር የለበትም። ማቴዎስ 6 ግን ለሰው ለመታየት በአደባባይ ቆመው ስለሚጸልዩ ሰዎች ዋጋቸውን ተቀብለዋል ይላል። ካሜራው እንደተከፈተ የፊትዎ ገጽታ የሚቀየር ከሆነ፣ ዓይንዎን ጨፍነው ምስሉ እንዴት እንደወጣ የሚያስቡ ከሆነ ይዝጉት። የግል ዕንባ ባይጋራ ይሻላል ባይ ነኝ።

ደጋግሜ የምወድቅበት ኃጢአት አለ። በዚህ ሁኔታ ማምለክ ድፍረት አይሆንም?

ድፍረት የሚሆነው ከኃጢአቱ ጋር ስምምነት አድርጎ አምልኮውን መሸፈኛ ሲያደርጉት ነው። በኢሳይያስ 1 እግዚአብሔር ጸሎታቸውን እንደማይሰማ የነገራቸው ሰዎች እጃቸው ደም የሞላበት፣ ለመተውም ሐሳብ ያልነበራቸው ናቸው። እየወደቀ የሚነሣ፣ እየተነሣም የሚያለቅስ ሰው ከእነሱ ወገን አይደለም። ዓይኑን ወደ ሰማይ ማንሣት እንኳ ያልወደደው፣ ደረቱን እየመታ ምሕረት የለመነው ቀራጭ ጸድቆ ወደ ቤቱ ተመልሷል።

ትልቁ ወጥመድ «ትንሽ ልንጻና እመለሳለሁ» የሚለው ነው። ሳምንት ወር ይሆናል፣ ወሩ ዓመት። ስምዖን ጴጥሮስ የዓሣውን ብዛት አይቶ በኢየሱስ ጉልበት ላይ ወድቆ፣ ኃጢአተኛ ነኝና ከእኔ ተለይ ሲል ጌታ አልተለየውም፤ «አትፍራ» ነው ያለው። ምሳሌ 28፥13 ደግሞ ተናዝዞ የሚተዋት ምሕረትን ያገኛል ይላል፤ መናዘዝ ብቻ ሳይሆን መተውም አለ። ስለዚህ የሚያምኑትን የንስሐ አባት ወይም መንፈሳዊ መካሪ ይያዙ፤ ለብቻ የሚደረግ ትግል ብዙውን ጊዜ ለብቻ መሸነፍ ነው።

ከሰው ጋር ተጣልቻለሁ። መጀመሪያ ልታረቅ ወይስ መጀመሪያ ልጸልይ?

ማቴዎስ 5፥23-24 መልሱን ሰጥቷል፦ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ ከወንድምህ ጋር ታረቅ፣ ከዚያ መጥተህ አቅርብ። ይህን የሰሙት አብዛኞቹ የገሊላ ሰዎች ነበሩ። መሠዊያው ያለው ኢየሩሳሌም ነው፤ ከገሊላ 3 ቀን ያህል በእግር ያስኬዳል። እንግዲህ አንድ ገሊላዊ በጉን ይዞ እዚያ ደርሶ፣ ተራው ሲቃረብ የተጣላው ወንድሙ ትዝ ይለዋል። በጉን ትቶ 3 ቀን ተጉዞ ይመለሳል፣ ይታረቃል፣ እንደገና 3 ቀን ይጓዛል። አድማጮቹ ይህን በእግራቸው ያውቁታል።

ደግሞ ቃሉ የሚለው «አንተ የተቀየምከው» አይደለም፤ ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች እንዳለው ብታስብ ነው። የበደለው ሰው ነው ጉዞውን የሚጀምረው። ሌላው እምቢ ካለስ? ሮሜ 12፥18 በእናንተ በኩል ቢቻል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ ይላል፤ ድርሻውን የተወጣ ሰው በሌላው እምቢታ ከአምልኮ አይታገድም። የሚጎዳዎትና የሚያስፈራዎት ሰው ከሆነ ደግሞ ይቅር ማለት ማለት ተመልሶ በእጁ መውደቅ አይደለም።

በእግዚአብሔር ላይ ቅሬታ አለኝ። ይህን ይዤ ማምለክ እችላለሁ?

ኢዮብ የልጆቹን ሞት ሲሰማ ልብሱን ቀደደ፣ ራሱን ተላጨ፣ በምድር ላይ ወድቆ ሰገደ። ሐዘኑን ከጨረሰ በኋላ አይደለም የሰገደው። በኋላ ግን የተወለደበትን ቀን ረገመ፣ እግዚአብሔርን እንከራከር አለ፣ በጣም ጠንካራ ቃላት ተናገረ። ጓደኞቹ እግዚአብሔርን ሲከላከሉ፣ ሲያመሰግኑ፣ ትክክለኛ የሚመስል ነገር ሲናገሩ ዋሉ። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ የተቆጣው በእነሱ ላይ ነው።

የእስራኤል ማጉረምረም ለምን እንደተቀጣ የሚጠይቅ አለ። ዘዳግም 1፥27 በድንኳኖቻችሁ ውስጥ ሆናችሁ አጉረመረማችሁ ይላቸዋል፤ እግዚአብሔር ጠላን ይሉ ነበር፣ ለእሱ ሳይሆን እርስ በርሳቸው። ኢዮብና መዝሙረኞቹ ግን ያንኑ መራራ ቃል ይዘው ወደ እሱ ነው የሄዱት። ቅሬታዎን ለእሱ ይንገሩት፤ በተሰማዎት ልክ። ጨዋ ቃል ካላገኙ መዝሙር 44ን ወይም 88ን ጮክ ብለው ያንብቡ።

በቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነኝ፤ ቅዱሱ ነገር እየተለመደብኝ መጣ። ምን ላድርግ?

ይህ አደጋ ከሩቅ የቆመውን አያገኝም፣ በየቀኑ የሚነካውን እንጂ። የዔሊ ልጆች አፍኒንና ፊንሐስ ካህናት ነበሩ። ሕዝቡ ሲሠዋ ሎሌያቸው ሦስት ጥርስ ያለው ሜንጦ ይዞ እየመጣ ሥጋውን ያወጣ ነበር፤ ብሎም ስቡ ሳይቃጠል ጥሬውን አምጣ ይል ጀመር። ለሠዊው መሥዋዕት የሆነው ለእነሱ የጥብስ ሥጋ ብቻ ሆኖባቸው ነበር።

የዖዛ ታሪክ ብዙ ሰው ይከብደዋል። በሬዎቹ ሲፋንኑ ታቦቱ እንዳይወድቅ የያዘ ሰው ለምን ይቀሰፋል? ዖዛ የአሚናዳብ ልጅ ነው፤ ታቦቱ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ የቆየው በዚያ ቤት ነው። መጽሐፉ በግልጽ አይለውም፣ ግን ለዖዛ ታቦቱ የለመደው የቤቱ ነገር ሆኖበት ነበር ብዬ አስባለሁ። ሕጉ ታቦቱን ሌዋውያን በመሎጊያ በትከሻቸው እንዲሸከሙት ያዛል፤ ያን ቀን ግን ፍልስጥኤማውያን እንዳደረጉት በአዲስ ሠረገላ ተጭኗል። በገናው፣ ከበሮው፣ ጸናጽሉ አልጎደለም። የጎደለው የሚገባውን ሥርዓት መጠየቅ ነበር፤ ዳዊትም በኋላ ለሌዋውያኑ ይህንኑ አምኖ ነግሯቸዋል። ያው ታቦት በዖቤድኤዶም ቤት 3 ወር ሲቀመጥ ቤቱ ሁሉ ተባርኳል።

ለአገልጋይ የምለው እንግዲህ ይህ ነው፦ ስብከት ለማዘጋጀት ያልሆነ ንባብ ይኑርዎት፤ ማንም የማይሰማው ዜማ ይኑርዎት። በወር አንድ ቀን እንኳ መድረክ ሳይወጡ፣ መቅደስ ሳይገቡ ከምእመናኑ መካከል ቆመው ያምልኩ። አገልግሎት ከመጀመርዎ በፊት ለአንድ ደቂቃ እጅዎን ከዕቃው አንሥተው ዝም ይበሉ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ልብ ካልተመለሰ ለበላይዎ ተናግሮ ለጥቂት ጊዜ ማረፍ አሳፋሪ አይደለም፤ በለመደ እጅ ከመቀጠል ይሻላል።

እግዚአብሔር የሚጎድለው ነገር ከሌለ አምልኮ ለምን ይጠይቃል?

መዝሙር 50 ላይ ራሱ ብራብ ለአንተ አልነግርህም ይላል፤ ቅዱስ ጳውሎስም በአቴና አንዳች እንደሚጎድለው በሰው እጅ አይገለገልም ብሎ ሰብኳል። ስለዚህ አምልኳችን እሱ ላይ የሚጨምረው የለም። እኛ ላይ ግን ይጨምራል። መዝሙር 115 ጣዖታት አፍ አላቸው አይናገሩም፣ ዓይን አላቸው አያዩም ካለ በኋላ የሚሠሯቸውና የሚያምኑባቸው ሁሉ እንደ እነሱ ይሁኑ ይላል። ሰው የሚያመልከውን ይመስላል። ገንዘብ የሚያመልክ ሰው ሌላውን ሰው በዋጋ መተመን ይጀምራል፤ ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሕያው የሆነውን አምላክ ማምለክ እኛኑ ሕያው ያደርገናል።

የማመልከው ፈውስ ወይም በረከት ፈልጌ ቢሆንስ? ሙሉ ልብ ይባላል?

በኢዮብ 1፥9 ሰይጣን ያነሣው ጥያቄ ይህ ነው፦ ኢዮብ እግዚአብሔርን በከንቱ ይፈራልን? ጥያቄው ክፉ ቢሆንም ከባድ ነው፤ መጽሐፉም 42 ምዕራፍ ፈጅቶበታል። ሦስቱ ወጣቶች በእቶኑ ፊት ከሁሉ የተሻለውን መልስ ሰጥተዋል፦ አምላካችን ያድነን ዘንድ ይችላል፤ ባያድነንም ለምስልህ አንሰግድም። መዳንን መፈለጋቸውን አልደበቁም፤ ስግደታቸውን ግን በመዳናቸው ላይ አላሠሩትም።

መለመን ስለዚህ ነውር አይደለም። በሉቃስ 17 ለምጻሞቹ 10ም የመጡት ሊፈወሱ ነው፤ 10ም ተፈወሱ። አንዱ፣ ያውም ሳምራዊ፣ በታላቅ ድምፅ እግዚአብሔርን እያከበረ ተመልሶ በእግሩ ፊት በግንባሩ ወደቀ። ጌታ «ዘጠኙስ ወዴት አሉ?» አለ እንጂ ለምን ለመናችሁኝ አላለም። የጠየቁት ነገር ሲሰጥዎት ያንኑ ለልመና የመደቡትን ሰዓት አያጥፉት፤ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ ለምስጋና ይቁሙ። ገና ካልተሰጠዎትም ልመናውን ሳያቋርጡ ከልመናው በፊት ጥቂት ደቂቃ ስለ ማንነቱ ብቻ ያመስግኑት፤ ልብዎ የያዘው ስጦታውን ብቻ ይሁን ሰጪውንም ጭምር በዚያች ደቂቃ ለራስዎ ይታወቅዎታል።